አዲሱ የጌም ማሽን የተቆረጠለትን ዋጋ ያወጣልን?

ባለፈው ክረምት ስለ አፈር ማዳበሪያ ሥርጭት ለመዘገብ ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ሄጄ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ መናኸሪያ ስደርስ ዝናቡ ስለበረታ በአቅራቢያው ወዳለች ጌም ቤት ገብቼ ተጠለልኩ። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 እና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ይዛለች። ባለቤቷ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ወጣት ነው። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ።

ፎቶግራፉን በኢሞ የላከችለት በሳዑዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ታላቅ እኅቱ ናት። በምትሠራበት ቤት ላሉ ልጆች አዲስ የጌም ማሽን ተገዝቶላቸው ከእጃቸው አልወርድ ብሏል። እኅትም ይህን አይታ «ይህን ብልክልህ ገበያህ አይደራም ወይ?» ስትል ጠይቃዋለች። ወጣቱ ደግሞ ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረው፤ «እሷ የምታፈስሰውን ገንዘብ ማሽኑ ያወጣዋል ወይ?» አለኝ።

እኔ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ መኖ እንጂ ስለ ጌም የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሁንና ጥያቄው በግብርና ኮሌጅ ከተማርነው የእርሻ አስተዳደር ሒሳብ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። አንድ መሣሪያ ሲገዛ ምን ያስወጣል? ምን ያስገባል? ዛሬ ቢገዛ ይሻላል ወይስ ቢቆይ? የሚል ነው። ዝናቡ ሲያባራ «አጣርቼ እጽፋለሁ» ብዬው ተለያየን።

በፎቶግራፉ ላይ ያለው ማሽን «ኔንቴንዶ ስዊች 2» ይባላል። ሠሪው ዋና መሥሪያ ቤቱ በኪዮቶ ከተማ የሚገኘው የጃፓኑ ኔንቴንዶ ኩባንያ ነው። ማሽኑ ለገበያ የቀረበው ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 2025 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የራሱ 7.9 ኢንች ስክሪን ስላለው በእጅ ይዘው ይጫወቱበታል፤ ከቴሌቪዥን ጋር በሚያገናኘው ማስቀመጫ ላይ ሲሰካ ደግሞ እንደ ማንኛውም የቤት ጌም ማሽን ያገለግላል። በአሜሪካ የተቆረጠለት የመጀመሪያ ዋጋ 450 ዶላር ነበር፤ «ማሪዮ ካርት ወርልድ» ከተሰኘው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ጋር ተጠቃልሎ ሲሸጥ 500 ዶላር ነበር። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ማሽኖች እንደተሸጡ፣ እስከ መስከረም 2025 መጨረሻ ደግሞ ቁጥሩ ከ10 ሚሊዮን ማለፉን ኩባንያው አስታውቋል።

ዓለም በገፍ ከገዛው ዋጋው ተገቢ ነው ማለት ይቻላል? ለገዙት ሰዎች ምናልባት። ነገር ግን 450 ዶላር በሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 ምጣኔ የታሰረ በመሆኑ ገንዘቡ ወደ 1 ሺህ 690 ሪያል ይጠጋል። በወር 1 ሺህ ሪያል ለሚከፈላት የቤት ሠራተኛ ይህ ከአንድ ወር ከግማሽ በላይ የላቧ ዋጋ ነው፤ ያውም አንዲት ሪያል ለሌላ ነገር ሳታወጣ። ወደ ብር ሲመነዘር፣ አንዱን ዶላር በ133 ብር ብናስበው 60 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ምንዛሪ ቢሆን ኖሮ ይኸው ዕቃ 26 ሺህ ብር ባልሞላ ነበር።

ዋጋው ከቀድሞዎቹ ሲነጻጸር

ለአንድ ማሽን ውድ ነው ወይም ርካሽ ነው ከማለት በፊት ከእርሱ በፊት የነበሩትን ማየት ይገባል። በ1993 ለገበያ የቀረበው «3ዲኦ» የተባለ ማሽን 699 ዶላር ነበር። የዶላር የመግዛት አቅም በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ያህል እንደወረደ ታስቦ ወደ ዛሬ ቢመጣ ከ1 ሺህ 500 ዶላር በላይ መሆኑ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ሶኒ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ አንዱን ዓይነት በ499፣ ሌላውን በ599 ዶላር ሸጠ። የኋለኛው በዛሬ ገንዘብ ከ900 ዶላር ይበልጣል። የመጀመሪያው ኔንቴንዶ ስዊች በ2017 ሲወጣ ዋጋው 300 ዶላር ነበር፤ ይህም በዛሬው ስሌት ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። ስለዚህ አዲሱ ማሽን ከታላቅ ወንድሙ በእርግጥም ይወደዳል፤ ልዩነቱ ግን 150 ሳይሆን 50 ዶላር ገደማ ነው። በታሪክ ሚዛን ሲታይ እጅግ የተጋነነ ዋጋ አይደለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ከዋጋው መጠን ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ቀጭኑ ሞዴል ሲመጣ 299 ዶላር ሆነ። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2013 በ499 ዶላር ያወጣውን «ኤክስቦክስ ዋን» ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ እንቅስቃሴን የሚከታተለውን ካሜራ ቀንሶ፣ በ399 ዶላር ማቅረብ ጀመረ፤ ምክንያቱም ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር ገበያውን እየወሰደበት ነበር። ከሁሉ የከፋው የደረሰው ራሱ ኔንቴንዶ ላይ ነው። በመጋቢት 2011 በአሜሪካ በ250 ዶላር ያወጣው «3ዲኤስ» የተባለ የእጅ ጌም ገዢ ስላጣ በነሐሴ ወር ዋጋው 170 ዶላር እንዲሆን ተደረገ። በመጀመሪያው ዋጋ የገዙት ቅር እንዳይሰኙ 20 የቆዩ ጨዋታዎች በነጻ ተሰጧቸው፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታም የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ።

ከዚህ የተነሣ ለብዙ ዓመታት የጌም ማሽን ገዢዎች ምክር አንድ ነበር፤ «ቆይ፣ ይወርዳል»። ነገሩ ከፋሲካ ዋዜማ የበግ ገበያ ጋር ይመሳሰላል፤ የበዓሉ ዕለት ያልፍና ዋጋው ይረግባል። መውረዱም እንዲሁ አልነበረም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቺፕ በየጊዜው እያነሰ፣ በአንድ የሲሊከን ዝርግ ላይ ብዙ ቺፕ ማውጣት እየተቻለ ሲሄድ የማምረቻ ወጪው ይቀንስ ነበር። በዚያም ላይ አምራቾቹ ዋናውን ትርፍ የሚያገኙት ከማሽኑ ሳይሆን ከጨዋታው ሽያጭ ነው። በማሽኑ ላይ የሚሸጥ እያንዳንዱ ጨዋታ ለአምራቹ ኩባንያ ድርሻ ያስገባል። ስለሆነም ማሽኑን በአነስተኛ ትርፍ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጦ ገዢውን ማብዛት ያዋጣ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 3 በእነዚያ ከፍተኛ ዋጋዎች እንኳ የተሸጠው በኪሳራ ነው።

ይህ ምክር አሁን አይሠራም። ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር 2020 ሲወጣ ሲዲ የሚያነብበው 499፣ ሲዲ የማያነብበው 399 ዶላር ነበር። ሶኒ በነሐሴ 2022 በአውሮፓና በሌሎች ገበያዎች ዋጋ ጨመረ፤ በነሐሴ 2025 ደግሞ በአሜሪካ 50 ዶላር ሲጨምር ሲዲ የሚያነብበው 549.99፣ ሌላው 499.99 ደረሰ። ይህ እንግዲህ ያኔ አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ማሽን ነበር። ማይክሮሶፍት በተመሳሳይ ወር በ499 ዶላር ያወጣውን «ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ» በ2025 ሁለት ጊዜ ጨምሮበት 649.99 ዶላር አደረሰው። ስምንት ዓመት ያስቆጠረው የመጀመሪያው ኔንቴንዶ ስዊች እንኳ በአሜሪካ አንድም ጊዜ ሳይቀንስ ቆይቶ በነሐሴ 2025 ከ300 ወደ 340 ዶላር ከፍ አለ። ተተኪው ወጥቶ፣ አሮጌው ሲወደድ! በእንስሳት ገበያ ቢሆን የሸመገለ በሬ ከወይፈን ጊዜው ዋጋ በላይ ተጠየቀበት ማለት ነው።

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። የቺፕ ቴክኖሎጂ በጣም እየረቀቀ ሲሄድ እያንዳንዱ አዲስ ደረጃ እንደ ቀድሞው ወጪ አይቀንስም፤ ይልቁንም ፋብሪካው ራሱ እጅግ ውድ ሆኗል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የሚሚሞሪ ቺፕን ስለሚሻሙ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ዋጋው ንሯል። የአሜሪካ የገቢ ዕቃ ታሪፍም አለ። ኔንቴንዶ የአዲሱን ማሽን ዝርዝር ይፋ ያደረገው ሚያዝያ 2 ቀን 2025 ሲሆን በዚያው ዕለት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በየአገሩ ላይ የሚጣለውን ታሪፍ አወጁ፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚላከው ማሽን በብዛት በሚገጣጠምባት ቬትናም ላይ የታወጀው 46 በመቶ ነበር። ኩባንያው ሚያዝያ 9 ሊጀመር የነበረውን ቅድመ ሽያጭ ወደ ሚያዝያ 24 ገፋው። በመጨረሻም የማሽኑን ዋጋ ሳይነካ የጆይስቲኮቹንና የሌሎች ተጨማሪ ዕቃዎችን ዋጋ ከፍ አደረገ።

ወጣቱ «ትንሽ ብጠብቅ ይረክሳል ወይ?» ብሎም ጠይቆኝ ነበር። ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚሰጠው መልስ፣ ይረክሳል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም የሚል ነው።

መጠበቅ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ጥንቁቅ አርሶ አደር አዲስ ዘር ሲመጣ በመጀመሪያው ክረምት ሙሉ ማሳውን አይሸፍንበትም፤ ጥግ ላይ ሞክሮ፣ ጎረቤቱም ያየውን ሰምቶ ይወስናል። በጌም ማሽን ዓለምም ይህን ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ታሪክ አለ። በ2005 የወጣው «ኤክስቦክስ 360» ከመጠን በላይ እየሞቀ፣ ቀይ መብራት እያበራ ይሞት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2007 የዋስትናውን ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት ለማራዘም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ያዘ። በአሜሪካ የገዛ ሰው ማሽኑን በፖስታ መልሶ ሌላ ይቀበላል። ከጅዳ በሻንጣ የመጣ ማሽን ሲበላሽ ግን ወደ ማን ይመለሳል? ስዊች 2 እንዲህ ያለ ችግር አለበት ማለቴ አይደለም፤ እስካሁን የዚያ ዓይነት ነገር አልተሰማበትም። ሆኖም የጆይስቲኩ ዘንግ ሳይነኩት የሚንቀሳቀስበት ችግር የመጀመሪያውን ስዊች ገዢዎች ለዓመታት ያማረረ ነበር። በአዲሱም ላይ ኩባንያው ይህን ችግር ይከላከላል የሚባለውን ማግኔታዊ ዘንግ አልተጠቀመም። ጌም ቤት ውስጥ ጆይስቲክ በቀን ስንት ሰው እጅ እንደሚገባ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ላም ብቻ ሳይሆን መኖም ይገዛል

ዋጋው ላይ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ማሽኑ ብቻ መሆኑ ያስገርመኛል። የወተት ላም ሊገዛ የሚመጣን ሰው የእንስሳት ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መኖው ነው። የጌም ማሽን መኖው ጨዋታ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ለብቻው ይገዛል። ማሪዮ ካርት ወርልድ ለብቻው ሲሸጥ 80 ዶላር፣ ማሽኑ ከወጣ ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጣው «ዶንኪ ኮንግ ባናንዛ» 70 ዶላር ነው። ሦስት ጨዋታ የገዛ ሰው የማሽኑን ዋጋ ግማሽ ያህል እንደገና ከፈለ ማለት ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ የሚብሰው ሌላ ጉዳይ አለ። በዚህ ማሽን ላይ በካሴት ከሚሸጡት ጨዋታዎች በርካቶቹ ካሴታቸው ውስጥ ጨዋታው የለም። ካሴቱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጨዋታው በሙሉ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ኔንቴንዶ በካሴቱ ሽፋን ላይ ይህን የሚገልጽ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱን የማያውቅ ሰው ግን ሙሉ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። አንድ ትልቅ ጨዋታ በብዙ አሥር ጊጋባይት ይመዘናል። በሞባይል ዳታ ያን ያህል ማውረድ በገጠር ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። የማሽኑ የራሱ ማከማቻ 256 ጊጋባይት ሲሆን ሲሞላ የሚጨመረው ሚሞሪ ካርድ ለስልክ የምንጠቀምበት ዓይነት አይደለም፤ «ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ» የሚባለውን ብቻ ይቀበላል፤ ይህም ለ256 ጊጋባይት 60 ዶላር ገደማ ያስወጣል። በኔንቴንዶም ሆነ በሶኒ የኢንተርኔት መደብር ኢትዮጵያ ከሚመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች በአገር ውስጥ ያለ ተጠቃሚ አካውንት የሚከፍተው የሌላ አገር ነዋሪ ሆኖ ነው፤ ክፍያውንም በውጭ ካርድ ወይም በውጭ ባለ ዘመድ በኩል ይፈጽማል። ይህ ሁሉ ወደ እኅቲቱ የሚመለስ ወጪ ነው።

ጆይስቲኩንም እንጨምር። ከማሽኑ ጋር የሚመጡት ሁለት ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ለሁለት ሰው ይከፈላሉ፤ ለልጆች እሽቅድምድም ጥሩ ናቸው። ለእግር ኳስ ግን አንዷ ለብቻዋ አትበቃም፤ ቁልፎቿ ያንሳሉ። ሙሉው ጆይስቲክ አንዱ 85 ዶላር ገደማ ነው፤ ለሁለት ተጫዋች 170 ዶላር። ማሽኑ 450፣ ጆይስቲኮቹ 170፣ የእግር ኳሱ ጨዋታ ከ60 እስከ 70 ዶላር ሲሆን ሚሞሪ ካርዱን ሳንቆጥር ከ680 ዶላር በላይ ደረስን። በብር 90 ሺህ ገደማ፣ በሪያል 2 ሺህ 550፤ ቀደም ባልነው ደመወዝ ሁለት ወር ተኩል።

አሁን ወደ ገቢው እንሂድ። የእያንዳንዱ ከተማ ዋጋ ስለሚለያይ ለስሌት እንዲመች አንድ ግጥሚያ 10 ብር ነው እንበል። ለመቀያየሪያ የሚባክነውን ጨምሮ አንዱ ግጥሚያ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሰዓት አራት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 32 ግጥሚያ፣ 320 ብር። የማሽኑን 60 ሺህ ብር ለመመለስ 188 ቀን፣ ከነጆይስቲኩና ከነጨዋታው 90 ሺህውን ለመመለስ 281 ቀን ያስፈልጋል። ይህ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የግብር ወጪ ሳይቀነስ ነው፤ ማሽኑ አንድም ሰዓት ሥራ ሳይፈታ ነው፤ መብራት ሳይጠፋ ነው። መብራቱ የሥራውን ግማሽ ቀን ቢወስድ ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል። የሌላ ከተማ ባለ ጌም ቤት በራሱ ዋጋ ተክቶ ሊያሰላው ይችላል፤ አካሄዱ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ብዙ ሰው ሲሠራ አይቻለሁ፤ በወተት ልማትም፣ በዶሮ እርባታም። አዲሱ ዕቃ የሚያስገባውን ገንዘብ በሙሉ የአዲሱ ዕቃ ገቢ አድርጎ መቁጠር ነው። መንደሩ የሚገዛው ወተት በቀን 10 ሊትር ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ላም መግዛት ሽያጩን 20 ሊትር አያደርገውም። ጌም ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁና ሰልቺተው የሚሄዱ ልጆች ካሉ ሦስተኛ ማሽን እነርሱን ያስቀራል፤ ያ እውነተኛ ተጨማሪ ገቢ ነው። ከሌሉ ግን ዛሬ በፕሌይስቴሽን 4 የሚጫወተው ልጅ ነገ ያንኑ 10 ብር ይዞ ወደ አዲሱ ማሽን ይዛወራል እንጂ ሌላ 10 ብር አይጨምርም። ዝናብ በጣለበት በዚያ ከሰዓት አግዳሚው ወንበር ላይ አምስት ልጆች ነበሩ፤ ከአምስቱ ሁለቱ እንደ እኔ ዝናብ የሸሹ ናቸው።

ደንበኛው የሚፈልገው ምን እንደሆነም መታየት አለበት። በዚያች ቤት፣ እኔ በማውቃቸው ሌሎች ጌም ቤቶችም፣ የሚፈለገው እግር ኳስ ነው። እስከ 2022 ድረስ «ፊፋ» በሚል ስም ይወጣ የነበረውና አሁን «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የተባለው ጨዋታ በመስከረም 2025 የወጣው 26 ቁጥሩ ለስዊች 2 ተዘጋጅቷል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ2013 ለወጣው ፕሌይስቴሽን 4ም አብሮ ተዘጋጅቷል። ልጆቹ የሚፈልጉት አዲሱ የተጫዋቾች ዝውውርና አዲሱ ማሊያ ወጣቱ ዛሬ በያዘው ማሽን ላይ ይገኛል ማለት ነው። አምራቾቹ አሮጌውን ማሽን እስኪተዉት ድረስ፣ አንድ ቀን መተዋቸው ባይቀርም፣ ለጌም ቤት አዲስ ማሽን የሚገዛበት አስገዳጅ ምክንያት የለም። ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ የሚጠቅመው ስዊች 2 ሳይሆን ሲዲ የሚያነብበው ፕሌይስቴሽን 5 ይመስለኛል፤ ልጆቹ የለመዱት ጆይስቲክ የእርሱ ዝርያ ነው፤ የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎችንም ያነብባል። ዋጋው ግን በ2020 ከነበረው እንደሚበልጥ ከላይ አይተናል።

ለአዲሱ ማሽን የሚያደላ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ማሽኑ ባትሪ አለው፤ ኩባንያው እንደሚገልጸው እንደ ጨዋታው ዓይነት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ፕሌይስቴሽን 5 ሲሠራ እስከ 200 ዋት ገደማ ሲወስድ የዚህ ማሽን ቻርጀር በጠቅላላው 60 ዋት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ይጠፋል። ሁለት ሰው በ7.9 ኢንች ስክሪን ላይ አንገት ለአንገት ተያይዞ ሊጫወት ይችላል፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ያለው ተመልካች ግን ምንም አያይም፤ ጌም ቤትን ጌም ቤት የሚያደርገው ደግሞ ተመልካቹ ነው።

ለማን ያዋጣል?

ከላይ ያለው ሁሉ ማሽኑ መጥፎ ነው የሚል ትርጉም የለውም። በውጭ አገር ለሚኖር፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ነገሩ ይለያል። ማሪዮንና ዶንኪ ኮንግን የመሳሰሉት የኔንቴንዶ ጨዋታዎች በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ አይገኙም፤ ልጆቹ የሚፈልጉት እነዚህን ከሆነ አማራጭ የለም። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው የመጀመሪያው ስዊች ጨዋታዎችም በአብዛኛው በአዲሱ ላይ ይሠራሉ። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፤ ዋስትናውም ቅርብ ነው። አራት ሰው በአንድ ቤት ለዓመታት ለሚጫወትበት ዕቃ 450 ዶላር የሚያስቆጭ አይመስለኝም፤ ከጨዋታ ጋር ተጠቃልሎ በ500 ዶላር ይሸጥ የነበረው ደግሞ 30 ዶላር ያተርፍ ነበር። አሮጌው ስዊች ያለውና የሚወዳቸውን ጨዋታዎች ገና ያልጨረሰ ቤተሰብ ግን የሚያጣድፈው የለም። ብዙ ሰው ማሽኑን የሚገዛው ለሚመጡት ጨዋታዎች ተስፋ ነው፤ ገና ያልመጣን ጨዋታ አስቀድሞ መክፈል ደግሞ ያልተወለደ ጥጃ እንደ መሸጥ ነው።

ከጃፓን የሚያስመጡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በጃፓን ሁለት ዓይነት ስዊች 2 ይሸጣል። በ2025 ሲወጣ በ49 ሺህ 980 የን ይሸጥ የነበረው ርካሹ የሚሠራው በጃፓንኛ ቋንቋና በጃፓን አካውንት ብቻ ነው፤ ሌሎች ቋንቋዎች ያሉት 69 ሺህ 980 የን ነበር። በኢንተርኔት ላይ እጅግ የረከሰ ማሽን ያየ ሰው ይህን ሳያጣራ ገንዘብ ባይልክ ይመረጣል። ከየትም ይምጣ፣ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የአገራችን መብራት አያቃጥለውም፤ የሶኬቱ ቅርፅ ግን እንደመጣበት አገር ስለሚለያይ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። የጉምሩክ ቀረጥ ያስከፍል እንደሆነም መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት መጠየቁ ከኤርፖርት ላይ ድንጋጤ ያድናል።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቄ በፊት ለወጣቱ ደውዬ ስሌቱን በስልክ አነበብኩለት። ሦስተኛ ማሽን ቢኖረው ተራ ጠባቂ ያገኝ እንደሆነ ስጠይቀው ጥቂት ዝም አለና «ቅዳሜና እሑድ ብቻ» ሲል መለሰልኝ። ከማሽን ይልቅ ምን እንደሚቸግረው ስጠይቀው ግን ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከአራቱ ጆይስቲኮች ሁለቱ ዘንጋቸው ላልቷል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል የሚከላከል ስታቢላይዘር የለውም፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ አንደኛው ፕሌይስቴሽን ሃርድ ዲስኩ እየተበላሸ ሁለት ጊዜ ጥገና ገብቷል።

እኅቱ ሁለት ዋና ጆይስቲክ በሚመጣ ሰው እንድትልክለት ጠይቋታል። ስታቢላይዘሩን ከባሕር ዳር ራሱ ሊገዛ አስቧል። ቀሪውን ገንዘብ በስሟ ባንክ ውስጥ እንድታቆየው ነግሯት «እኔ ልልክልህ ስል አንተ አስቀምጪ ትለኛለህ?» ብላ እንደሳቀችበት አጫወተኝ። ከዚያ «ፕሌይስቴሽን 4ን መቼ የሚተዉት ይመስልሃል?» አለኝ።